የወረዳው ሰሌዳ ላይ የተለጠፈው ወረቀት

(የመግቢያ ዜማ ከፍ ብሎ ይሰማል፤ ቀስ እያለ ዝቅ ይላል)



ለጉዳይ ወረዳ ጽሕፈት ቤት ሄዳችሁ ታውቃላችሁ። ከበሩ አጠገብ፣ ብዙ ጊዜ ጥበቃው ከሚቀመጡበት ወንበር በላይ፣ ባለመስተዋት የማስታወቂያ ሰሌዳ አለ። ሰው ወደዚያ ሰሌዳ የሚጠጋው ክፍት የሥራ ቦታ ወጥቶ እንደሆነ ለማየት ወይም ጨረታ ለመፈለግ ነው። ከጨረታው ጎን ግን ፀሐይ ያነጣው፣ በሠንጠረዥ የተሞላ አንድ ወረቀት ይኖራል። የወረዳው የዓመቱ በጀት ነው። እሱን ቆሞ የሚያነብ ሰው ስንቴ አይታችኋል? እኔ ለዛሬው ዝግጅት ብዬ እንዲህ ካለ ሰሌዳ ፊት ግማሽ ሰዓት ያህል ብቆም፣ ጥበቃው ተጨንቀው «ልጄ፣ ምን ጠፋብሽ?» አሉኝ። በጀቱን እያነበብኩ ነው አልኳቸው። ሳቁ። «እሱማ ለሱፐርቪዥን የሚለጠፍ ነው!»

ዛሬ ያንን ለሱፐርቪዥን የሚለጠፍ ወረቀት አብረን እናነበዋለን። ገንዘቡ ከየት ይመጣል? ወዴት ይሄዳል? ምክር ቤቱ እጁን ሲያወጣ በእርግጥ የሚወስነው የትኛውን ብር ነው?

(አጭር ዜማ)

የገንዘቡ ምንጭ ግብር ነውና ከቃሉ ልጀምር። በአማርኛችን ግብር ሁለት መልክ አለው። ገበሬውና ነጋዴው ለመንግሥት የሚያስገባው ግብር ይባላል፤ ንጉሡ አዳራሽ አስነጥፎ መኳንንቱንና ወታደሩን የሚያበላበት ድግስም ግብር ይባላል። የገባው እህልና ማር፣ የተነዳው ሠንጋ፣ መልሶ በአዳራሹ ይበላ ስለነበር ሁለቱ አንድ ስም ቢጋሩ አያስገርምም። አብዛኛውን ጊዜ ታዲያ ያስገባውና የበላው ሰው ለየቅል ነበሩ። ዳግማዊ ምኒልክ በ1880ዎቹ አሥራትን ሲደነግጉ የታሰበው፣ ወታደር በገበሬ ቤት እየተመራ መብላቱ ቀርቶ ገበሬው ከምርቱ ከአሥር አንዱን ወደ ጎተራ እንዲያስገባ፣ ወታደሩም ቀለቡን ከጎተራ እንዲሰፈርለት ነበር። በዘመኑ ሚዛን ትልቅ ማሻሻያ ነው። ቢያንስ ገበሬው ምን ያህል እንደሚወሰድበት አስቀድሞ ያውቃል።

ወደ ዘመናችን ስንመጣ፣ በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 50 ንዑስ አንቀጽ 4፣ ሕዝቡ በቀጥታ ይሳተፍ ዘንድ ለዝቅተኛው የአስተዳደር እርከን በቂ ሥልጣን እንዲሰጥ ይላል። ቃሉ መልካም ነው። ሥልጣኑ ግን ለዓመታት ያለ ገንዘብ ቆየ። በጀቱን የሚይዘው ዞንና ክልል ነበር፤ ወረዳው የታዘዘውን ይፈጽማል፣ የጎደለውን በደብዳቤ ይጠይቃል፣ መልሱን ይጠብቃል። ነገሩ የተለወጠው በ1994 ዓ.ም. ነው። በዚያ ዓመት በአማራ፣ በኦሮሚያ፣ በትግራይና በያኔው ደቡብ ክልል ገንዘቡ በጥቅል ድጎማ መልክ በቀጥታ ወደ ወረዳ መውረድ ጀመረ። ጥቅል የተባለው «ይህን ለጠመኔ፣ ያንን ለነዳጅ» ተብሎ ከላይ ሳይቆራረጥ ስለሚመጣ ነው፤ የሚቆራርጠው የወረዳው ምክር ቤት ነው። በሕጉ እንዲህ ነው። በተግባር እንዴት እንደሆነ ደግሞ ወረቀቱ ይነግረናል።

(አጭር ዜማ)

ወረቀቱ ላይ ከላይ ሁለት መስመሮች አሉ። አንደኛው «ከክልል መንግሥት ድጎማ»፣ ሁለተኛው «ከወረዳው የውስጥ ገቢ» ይላል። በአብዛኛው የገጠር ወረዳ የመጀመሪያው ቁጥር ከሁለተኛው እጅግ ይበልጣል።

ድጎማው ረጅም መንገድ ተጉዞ ነው የሚደርሰው። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ለ2017 በጀት ዓመት መጀመሪያ ያጸደቀው 971.2 ቢሊዮን ብር ነበር። ከዚህ ውስጥ ለክልሎች ድጎማ የተያዘው 222.7 ቢሊዮን ብር ነው፤ ከመቶ ብር ሃያ ሦስት ገደማ ማለት ነው። ይህን ለክልሎች ለመደልደል የሚያገለግለውን ቀመር የሚያወጣው የፌዴሬሽን ምክር ቤት ነው። ክልሉ በተራው የደረሰውን ከራሱ ገቢ ጋር ይደምርና በራሱ ቀመር ለወረዳዎች ያከፋፍላል። ስንት ሕዝብ አለ? ስንት ተማሪ፣ ስንት መምህር? ወረዳው ከራሱ ምን ያህል መሰብሰብ ይችላል? እያንዳንዱ ጥያቄ ነጥብ አለው። የሕዝብ ቁጥር ክርክር አገራችን ውስጥ ያን ያህል የሚያሞቀው ለምን እንደሆነ የማይገባችሁ ካላችሁ፣ አንዱ ምክንያት እዚህ ተደብቋል።

ከቀመሩ ውስጥ «ወረዳው ከራሱ ምን ያህል መሰብሰብ ይችላል?» የምትለዋን ጥያቄ ያዙልኝ፤ ብዙ ነገር የሚፈታው በእሷ ነው።

ለስሌት እንዲመቸን አንድ ወረዳ በዓመት 200 ሚሊዮን ብር ያስፈልገዋል እንበል። ቁጥሩ የእኔ ነው፣ የማንም ወረዳ አይደለም። ክልሉ «አንተ ራስህ 50 ሚሊዮን ትሰበስባለህ» ብሎ ያሰላና 150 ሚሊዮን ይልክለታል። በጀቱ 200 ሚሊዮን ተብሎ ይጸድቃል፣ ይለጠፋል። አሁን ዝናብ ጠፋ፣ ወይም መንገድ ተዘጋ፣ ወይም ገበያው ቀዘቀዘ እንበልና የተሰበሰበው 40 ሚሊዮን ሆነ። የጎደለውን 10 ሚሊዮን ማን ይሞላል? ብዙ ጊዜ ማንም። ወረዳው ያጸደቀውን በጀት በወረቀት ይዞ በካዝናው ያጣዋል። ደመወዝ አይቆረጥም። ስለዚህ የሚቆረጠው ሌላው ነው፤ የውሃ ፓምፕ መለዋወጫው፣ ጠመኔው፣ የክትባት ባለሙያው ሞተር ሳይክል ነዳጅ። የገቢ ሰብሳቢዎች ሰኔ ሲገባ እንቅልፍ የሚያጡት ለዚህ ነው። ነጋዴው «በሰኔ ምን ነካቸው?» ይላል። የነካቸው ዕቅድ ነው።

የውስጥ ገቢ ሲባል ከማን ነው የሚሰበሰበው? ገበሬው ምርቱን ከሰበሰበ በኋላ የገጠር መሬት መጠቀሚያ ክፍያና የእርሻ ሥራ ገቢ ግብር ይከፍላል። በብዙ ቦታ የሚሰላው በማሳው ስፋት ነው፤ ማሳው ዘንድሮ ጤፍ ይስጥ ውርጭ ይብላው ወረቀቱ አይጠይቅም። ከአንድ ገበሬ የሚገኘው ትንሽ ነው፤ ለመሰብሰብ የሚወጣው ድካም ደግሞ ብዙ። ስለዚህ ለወረዳው ካዝና ከሚያስገባው ይልቅ ለገበሬው የሚሰጠው ነገር ይበልጥ ይሆናል፤ የመሬት ክርክር ሲነሳ ደረሰኙ ከሣጥን ይወጣልና። አያቶቻችን የግብር ደረሰኝ በጨርቅ ጠቅልለው የሚያስቀምጡት ያለ ምክንያት አልነበረም።

ሁለተኛው ቀለል ያለ ነው፤ መምህሩም፣ ነርሷም፣ የግብርና ባለሙያውም ከደመወዛቸው ግብር ይቆረጣል፤ በብዙ ወረዳ ከውስጥ ገቢው ትልቁ ክፍል ይህ ነው። ልብ አላችሁ? ወረዳው ለመምህሩ ደመወዝ ይከፍላል፣ ከዚያው ላይ ግብሩን ይቀንሳል፣ የቀነሰውን «ሰበሰብኩ» ብሎ ሪፖርት ያደርጋል። ሕጋዊ ነው፣ ትክክልም ነው። ሆኖም አንድ አስተዳዳሪ «ገቢያችንን አሳደግን» ብለው ሲያስጨበጭቡ፣ የደመወዝ ጭማሪ የተደረገበት ዓመት እንደሆነ ቀስ ብሎ መጠየቅ አይከፋም።

ሦስተኛው ነጋዴው ነው፤ እዚህ ላይ ቆም እንበል።

በ2008 ዓ.ም. የወጣው የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979 የዓመት ሽያጫቸው ከ500,000 ብር በታች የሆኑትን ደረጃ ሐ ብሎ መደባቸው። የሒሳብ መዝገብ አይይዙም ነበር፤ ግብራቸው ቁርጥ ነበር። ቁርጡ የሚቆረጠው ደግሞ በግምት ነበር። ገማቾቹ ወደ ሱቁ ይመጣሉ። መደርደሪያውን ያያሉ፣ የሚገባና የሚወጣውን ሰው ይቆጥራሉ፣ ጎረቤት ይጠይቃሉ። «በቀን ስንት ትሸጣለህ?» ይላሉ። እውነቱን የሚናገር ነጋዴ ማን አለ? የነገሩትንስ የሚያምን ገማች ማን አለ? አንዱ ዝቅ ያደርጋል፣ ሌላው ዝቅ እንዳደረገ አውቆ ከፍ ያደርጋል። የቀኑ ቁጥር በሥራ ቀናት ይባዛል፣ ለየሥራ ዘርፉ በተቀመጠ የትርፍ መጠን ይሰላል፣ ከዚያ ግብሩ ይወጣል። በቀን ሽያጭ ላይ የተጨመረች መቶ ብር በዓመቱ ስሌት ላይ ሠላሳ ሺህ ገደማ ትሆናለች። አለመግባባቱ የሚጀምረው ከዚህ ማባዛት ላይ ነው።

በ2009 ዓ.ም. የቀን ገቢ ግምት ለዓመታት ሳይከለስ ቆይቶ በአንድ ጊዜ ሲከለስ ምን እንደሆነ ታስታውሳላችሁ። በዚያ ሐምሌ በአዲስ አበባ የቅሬታ ሰልፍ በየገቢዎች ቅርንጫፉ በር ተሰለፈ፤ በኦሮሚያ ከተሞች ሱቆች ተዘጉ። ብዙዎች የተቆጡት ግብር ለምን እንከፍላለን ብለው አልነበረም። ቁጥሩ ከየት መጣ ነው ያሉት። ገማቹ ሱቄ ውስጥ አሥር ደቂቃ ሳይቆይ የዓመት ኑሮዬን እንዴት ጻፈው? በ2017 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕግ የግብር ከፋይ ደረጃዎችን ወደ ሁለት ዝቅ አድርጎ ደረጃ ሐ የሚባለውን አስቀርቶታል። የስሙ መቅረት አንድ ነገር ነው፤ በገማችና በተገማች መካከል ያለው ጥርጣሬ እንደ ስሙ በአዋጅ ይቀር እንደሆነ ጊዜ ያሳየናል።

(አጭር ዜማ)

ከተማ ላይ ሌላ ኪስ አለ፤ የማዘጋጃ ቤት ገቢ። የገበያ መደብ፣ ቄራ፣ መናኸሪያ፣ የግንባታ ፈቃድ፣ የቦታ ኪራይ፣ ሊዝ። ይህ ገንዘብ ከመደበኛው በጀት ጋር አይቀላቀልም፤ የከተማዋን ጽዳት፣ ፍሳሽ፣ የውስጥ ለውስጥ መንገድና የመንገድ መብራት የሚያስተዳድረው እሱ ነው። የቤትና የቦታ ግብሩ እርጅና ራሱን የቻለ ታሪክ ነው። በ1968 ዓ.ም. በወጣ አዋጅ ቁጥር 80 መሠረት ለአሥርተ ዓመታት ሲከፈል ኖሯል። ቤቶቹ ተሸጡ፣ ፈረሱ፣ ፎቅ ሆኑ፤ ሕጉ ግን ባለበት ቆየ። በ2017 ዓ.ም. የንብረት ግብር አዋጅ የወጣው ይህንኑ ለመቀየር ነው።

ሊዝን በተመለከተ ሐሳቤን ልሰንዝር። መሬት አንዴ በሊዝ ከተሰጠ ያው ቦታ በሚቀጥለው ዓመት ተመልሶ አይሰጥም። ስለዚህ በሊዝ ገንዘብ ቧንቧ የዘረጋ ከንቲባ አስተዋይ ነው፤ በሊዝ ገንዘብ ደመወዝ የከፈለ ግን የእርሻ በሬውን አርዶ እንግዳ ያስተናገደ ሰው ይመስለኛል። ጥብሱ ይጣፍጣል፤ በሰኔ ግን ማን ያርሳል?

የአዲስ አበባ አድማጮቼ «እኛስ?» እያላችሁ እንደሆነ አውቃለሁ። አዲስ አበባ ነገሯ ለየት ይላል። ከፌዴራል ድጎማ ይልቅ በራሷ ገቢ የምትተዳደር ከተማ ናት፤ በጀቷ በ2016 ዓ.ም. ከ140 ቢሊዮን ብር በላይ፣ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ ከ230 ቢሊዮን ብር በላይ ነበር። በውስጧ ያሉት ወረዳዎች ግን ከገጠሩ ወረዳ ጋር ስማቸው እንጂ አቅማቸው አይመሳሰልም። በጀታቸው ከከተማው በክፍለ ከተማ በኩል ተቆርጦ ይደርሳቸዋል። ስለዚህ ስለ ሰፈራችሁ ትልልቅ ሥራዎች የወረዳውን ሰሌዳ ብታነቡ መልሱን አታገኙትም፤ መልሱ ያለው ከፍ ብሎ ነው።

(አጭር ዜማ)

አሁን ወደ ወጪው። ወረቀቱ ላይ በስተግራ ባለአራት አኃዝ ኮዶች ተደርድረዋል። ሰው የሚሸሸው እነሱን አይቶ ነው መሰለኝ፤ የምን የምሥጢር ቁጥር ነው ያስብላሉ። ምሥጢር የላቸውም። 6111 የቋሚ ሠራተኞች ደመወዝ ነው። 6212 አላቂ የቢሮ ዕቃ ነው። 6217 ነዳጅና ቅባት። 6231 የውሎ አበል። እነዚህን አራቱን የለየ ሰው የወረዳውን ጠባይ ማንበብ ይችላል።

6111ን ስታዩ ትደነግጣላችሁ። የበጀቱን አብዛኛውን ክፍል የዋጠው እሱ ነው። አንድ ጊዜ በስልክ ያነጋገሩን አድማጭ ይህን ሰምተው «ታዲያ ወረዳው የደመወዝ መክፈያ ብቻ ነዋ!» ብለው ነበር። ቁጣቸው ይገባኛል፤ ግን ግማሽ ነው። በአንድ የገጠር ቀበሌ ሁለት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችና ሦስት የግብርና ባለሙያዎች እንዲኖሩ ነው የታሰበው። በዚያ ላይ የትምህርት ቤቱ መምህራን አሉ። በወረዳው ቀበሌዎች አባዙት። እነዚህ ሰዎች አገልግሎቱ ራሱ ናቸው፤ መምህር የሌለው ትምህርት ቤት ግድግዳ ብቻ ነው። በ1998 ዓ.ም. ለጋሾች ለፌዴራል መንግሥቱ በቀጥታ ይሰጡት የነበረውን የበጀት ድጋፍ ካቋረጡ በኋላ፣ በመሠረታዊ አገልግሎቶች ፕሮግራም አማካይነት ለወረዳዎች መላካቸውን የቀጠሉት ይህንኑ የመምህር፣ የነርስና የግብርና ባለሙያ ደመወዝ ለማስከፈል ነበር። ሰሌዳው ላይ በጀት መለጠፍ በየወረዳው የተስፋፋውም ከዚያው ፕሮግራም ጋር ነው፤ ማንበብ ለማይችሉ በሥዕል የሚያስረዳ ፖስተር ሁሉ ነበረው።

ችግሩ ደመወዙ መከፈሉ ሳይሆን ከደመወዙ በኋላ የሚቀረው ነው። መምህሩ አለ፣ ጠመኔው የለም። ነርሷ አለች፣ ጓንቱ አልቋል። የግብርና ባለሙያው አለ፣ ወደ ማሳው የሚያደርሰው ነዳጅ ከመጋቢት ወዲህ አልታየም። ከመቶ ብሩ ምክር ቤቱ በእርግጥ ሊያዝበት፣ ሊያንቀሳቅሰው የሚችለው ይህች ቀሪዋ ናት። ስትገመግሙት በእሷ ገምግሙት። ለምሳሌ 6215ን፣ ማለትም የትምህርት መሣሪያዎችን፣ ከ6231 ከአበሉ ጋር አስተያዩአቸው። አበል በራሱ ጥፋት የለበትም፤ ቢሮው ውስጥ የተቀመጠ ባለሙያ ምንም አያይም። ነገር ግን አበሉ ከመማሪያ ዕቃው በልጦ ከተገኘ፣ ሰዎቹ ለመሄድ ገንዘብ አላቸው፣ ሲደርሱ የሚሰጡት የላቸውም ማለት ነው።

ግዥ ደግሞ የራሱ ወራት አለው። ትንሽ ግዥ ከሆነ ሦስት ፕሮፎርማ ይሰበሰባል፤ ዕቃው ሲገባ ሞዴል 19 ይቆረጥለታል፣ ከመጋዘን ሲወጣ በሞዴል 22 ይወጣል። ሥርዓቱ ጥሩ ነው። በጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ይጀምርና ሰኔ 30 ሒሳብ ይዘጋል። የመጀመሪያው ሩብ በማጽደቅና በክረምት ያልፋል፤ ጥሬ ገንዘቡ ቀስ እያለ ይመጣል፤ ከዚያ ግንቦት ላይ ሁሉም «ገንዘቡ ሊመለስ ነው!» ብሎ ይነቃል። የፕሮፎርማ ሰልፍ ይጀመራል። በዚያ ወር ላይ የሚገዛ ነገር ሁሉ ይፈለግ የነበረው ነው ብላችሁ አትማሉ። ባለፈው ሰኔ የተገዛ፣ ካርቶኑ ያልተከፈተ ዕቃ መጋዘን ውስጥ አይቼ አውቃለሁ። ሞዴል 19ኙ ግን እንከን አልነበረውም።

(አጭር ዜማ)

እስካሁን ያነበብነው የተለጠፈውን ነው። የማይለጠፍም አለ። መዋጮ።

ልጅ ሳለሁ በሰፈራችን ትምህርት ቤት አራት ክፍል ሊጨመር ነው ተባለ። «ድንጋይና አሸዋ ከሕዝብ፣ ሲሚንቶና ቆርቆሮ ከመንግሥት» ተባባልን። አባቴ ከጎረቤት ጋር ተራ ገብቶ ለሦስት ቅዳሜ ድንጋይ አጋዘ። እናቴ ጠላ ጠመቀች፤ የዚያን ጠላ ዋጋ እስከ ዛሬ ያሰላው የለም። ድንጋዩ ተቆለለ። ከዚያ ሲሚንቶው ሳይመጣ ያ ዓመት አለፈ። በሚቀጥለውም አልመጣም። እኛ ልጆች ቁልሉን ድብብቆሽ መጫወቻ አደረግነው፤ በስተመጨረሻ ሣር በቀለበት፣ እባብ ገባበትና ወላጆች ከለከሉን። ማንም አልሰረቀም። እንደሚመስለኝ የሆነው ይህ ነው፤ ድንጋዩን ያስጋዘው ስብሰባ የተካሄደው በየካቲት ነበር፤ ሲሚንቶው ግን በዚያ ዓመት በጀት ውስጥ በአንድም መስመር አልተጻፈም። ቃል ተገባ እንጂ አልተበጀተም።

መዋጮን አልጠላውም። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚለው ሕዝብ በየዓመቱ በበጋው የተፋሰስ ልማት የሚሠራውን እርከን በጨረታ ይሠራ ቢባል የትኛውም ወረዳ በጀት አይችለውም። የምቃወመው መዋጮው ከመዝገብ ውጭ ሲሆን ነው። ማዳበሪያ ሲወሰድ፣ ደብዳቤ ሲጻፍ፣ መታወቂያ ሲታደስ «ይህችን ጨምር» የምትባለዋ ብር ወዴት ገባች? የመንግሥት ደረሰኝ ተቆርጦላት ከሆነ ካዝና ገብታለች፤ ኦዲተር ያገኛታል። ደረሰኝ ከሌላት ግን የማንም መስመር ላይ የለችም፤ ሰሌዳው ፊት ዓመት ብትቆሙ አታገኟትም።

የሕዝብ መዋጮ በሥርዓት ሲያዝ ምን እንደሚመስል ደግሞ ከሩቅ መፈለግ አያሻንም። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድኅን በ2003 ዓ.ም. በአራት ክልሎች፣ በ13 ወረዳዎች በሙከራ ተጀመረ። አባወራው በዓመት አንዴ ያዋጣል፣ ደብተር ይሰጠዋል፣ ጤና ጣቢያ ሲሄድ ደብተሩን ያሳያል። መክፈል ለማይችለው ክልልና ወረዳ ይከፍሉለታል። የመድኃኒት እጥረት አለበት፣ ቅሬታ አለበት፤ ግን የከፈለ ሰው ለምን እንደከፈለ ያውቃል። መድኃኒት ሲያጣም በደብተሩ ማንን እንደሚጠይቅ ያውቃል። የእኛ ሰፈር ድንጋይ ደብተር አልነበረውም።

(አጭር ዜማ)

በመጨረሻ ወደ ምክር ቤቱ እንግባ። አባላቱ ከየቀበሌው የተመረጡ ናቸው፤ ከእርሻው፣ ከክፍሉ፣ ከሱቁ የሚመጡ ሰዎች። በሕግ ደረጃ በወረዳው ከእነሱ በላይ ሥልጣን የለም፤ አስተዳዳሪውን የሚሾሙት እነሱ ናቸው፣ በጀቱን የሚያጸድቁትም እነሱ። አፈ ጉባኤው ሰነዱን ያቀርባሉ፣ የገንዘብ ጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ ይተነትናሉ፣ እጅ ይወጣል። ሰነዱ እጃቸው የገባው በዚያው ዕለት ጧት ከሆነ ግን ምን ያህል ሊከራከሩ ይችላሉ? ክልሉ የራሱን አጽድቆ የወረዳውን ድርሻ እስኪያሳውቅ ሐምሌ ገብቷል፤ ደመወዝ ይጠብቃል፤ ቀሪዋ ብር ደግሞ በየጽሕፈት ቤቱ አስቀድማ ተደልድላለች። የሐምሌው ጉባኤ በአብዛኛው የተበሰለ ወጥ መቅመስ ነው። ጨው አነሰው ማለት ይቻላል፤ ዶሮው ሽሮ ይሁን ማለት አይቻልም።

ስለዚህ «መቼ እንጠይቅ?» ለሚል አድማጭ መልሴ ወጡ ሳይጣድ ነው። ጽሕፈት ቤቶች የሚቀጥለውን ዓመት ዕቅድና የበጀት ጥያቄ የሚያዘጋጁት በበጋው አጋማሽ ነው፤ ከጥር እስከ መጋቢት ባሉት ወራት። የደረቀ የውሃ ቦታ ካለ፣ የተሰበረ ድልድይ ካለ፣ የቀበሌያችሁን ተመራጭ የምትፈልጉት ያን ጊዜ ነው። ደግሞም የምክር ቤቱ የበጀትና ፋይናንስ ቋሚ ኮሚቴ አለ፤ አባላቱን በስም ጠይቃችሁ እወቁ። ጉባኤው ፊት ተነስቶ የሚናገር ሰው ድምፁ ይሰማል፤ ኮሚቴው ዘንድ ቀድሞ የደረሰ ሰው ግን ሐሳቡ ሰነዱ ውስጥ ይገባል።

ያ የድንጋይ ቁልል ምን ሆነ ትሉኝ ይሆናል። ሦስተኛው ዓመት ላይ በቀበሌያችን አንዲት የምክር ቤት አባል ነበሩ፤ ፊደል የቆጠሩት በመሠረተ ትምህርት ነው። እንደ አባቴ አነጋገር፣ በጥር ወር ወደ ገንዘብ ጽሕፈት ቤቱ ሄደው የወረዳውን የሚቀጥለውን ዓመት የካፒታል በጀት ረቂቅ አንብቡልኝ አሉ። ሲነበብላቸው ቆይተው «የእኛ ትምህርት ቤት ስሙ አልተጠራም» አሉ። «እናስገባዋለን እናታችን» ተባሉ። «እሺ አስገቡት፤ እኔ እዚህ ቁጭ ብዬ ሲጻፍ አያለሁ» አሉ አሉ። ሲሚንቶው የመጣው በጥቅምት ነው። ድንጋዩ ላይ የበቀለውን ሣር የነቀልነው እኛ ተማሪዎቹ ነን።

በሚቀጥለው ሳምንት በዚሁ ሰዓት የኦዲት ሪፖርትን እናነባለን፤ «ተሰብሳቢ» የምትለው ቃል ስንት ዓመት ሳትሰበሰብ ልትኖር እንደምትችል እናያለን። እስከዚያው ወደ ወረዳ ጎራ ካላችሁ ሰሌዳውን አንብቡና 6111 ስንት እንደሆነ፣ ከእሱ በኋላም ስንት እንደቀረ ጽፋችሁ ላኩልን። ጥበቃው ምን ጠፋባችሁ ቢሉ ወንበራቸውን ትንሽ ፈቀቅ እንዲያደርጉላችሁ ለምኗቸው፤ ታችኛው መስመር ከወንበሩ ጀርባ ነው ያለው።

ሰላም ቆዩኝ።

(የመዝጊያ ዜማ)